የእጅ ጋሪ ከጋፋት እስከ በዴሳ

በአገራችን መንኮራኩር ከመንገድ አስቀድሞ በመጽሐፍ ታወቀ። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተነገረለት የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ፥ ለስግደት ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ሲመለስ፥ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበረ፥ ፊልጶስም በጋዛ መንገድ ወደ ሠረገላው ቀርቦ ምሥጢሩን እንደ ገለጠለትና እንዳጠመቀው፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በዐውደ ምሕረት ያልሰማ ምእመን የለም። ክብረ ነገሥትም ቀዳማዊ ምኒልክና የእስራኤል በኵራት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ በተጓዙ ጊዜ፥ ሠረገሎቻቸው በሊቀ መላእክት በቅዱስ ሚካኤል ረድኤት ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብለው እንደ ገሠገሡ ይተርካል። የጸሓፊው ሐሳብ የጉዞውን ተአምር ለማሳየት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም የአባይን፥ የበሽሎንና የኦሞን ሸለቆ በእግሩ ወርዶ የወጣ ሰው ይህን ሲያነብ፥ መሬቱን የሚነካ መንኮራኩር በዚህ አገር ስንት መከራ እንደሚጠብቀው ሳያስብ አይቀርም።

የሆነውም ይኸው ነው። የደጋው ተራራና የቆላው ገደል፥ የክረምቱ ጭቃና የድልድይ እጦት ተባብረው ጭነትን ሁሉ በበቅሎ፥ በአህያና በግመል ጀርባ፥ ከዚያም ይልቅ በወንድ ትከሻና በሴት ወገብ ላይ አኖሩት። የነገሥታቱ ከተማ ከስፍራ ወደ ስፍራ በተዛወረ ቁጥር ድንኳኑና ስንቁ፥ ንዋየ ቅድሳቱና የጠጁ ዕቃ ሳይቀር በተሸካሚ ይጓዝ ነበር፤ እህል በስልቻ፥ ውሃ በእንስራ፥ ሕመምተኛ በቃሬዛ ይሄዳል። ይህ የሆነው ጥበብ ስላልነበረን አይደለም፤ አክሱም ላይ 24 ሜትር የሚያህል አንድ ወጥ ድንጋይ ጠርበው ያቆሙ፥ ላስታ ላይ ቤተ መቅደስን ከነዐምዱ ከዓለት የፈለፈሉ እጆች ክብ እንጨት ማበጀት ባላቃታቸው ነበር። የጎደለው መንኮራኩሩ የሚንከባለልበት ፍኖት፥ ከፍኖቱም ጋር በተሰበረ ጊዜ የሚጠግን ባለሙያ ነው። መንኮራኩር የትም ቢሆን ያለ እነዚህ ሁለቱ ኖሮ አያውቅም፤ የዚህም ታሪክ ነገሩ ሁሉ፥ ሁለቱ ዘግይተው እንዴት እንደ መጡልን መናገር ነው።

ተሸካሚነት የኛ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ይገዙ በነበሩበት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1457 ማለት ነው፥ የስኮትላንድ ፓርላማ ሕዝቡ የቀስት ልምምድን እየተወ በእግር ኳስና በጎልፍ ጨዋታ እንዳይጠመድ በዐዋጅ ከለከለ። ክልከላው አልጸናም፤ ጨዋታው ግን ጸና፥ ከጨዋታውም ጋር ሌላ ግብር ተወለደ። ባለጸጋው ኳሱን እየመታ በሜዳው ላይ ሲራመድ፥ ዱላዎቹን በብብቱ አቅፎ፥ ኋላም በከረጢት አድርጎ በትከሻው አንግቶ የሚከተለው ድኻ ነበረ። ያ ከረጢት ከትከሻ ወርዶ በመንኮራኩር ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ወደ 500 ዓመት ገደማ ፈጀ። ወደዚህ ነገር በስፍራው እመለሳለሁ።

በኛ ምድር ላይ በእርግጥ የተንከባለለው የመንኮራኩር ታሪክ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር የተያያዘ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሰባሰቧቸው የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን፥ ዋልድማየርና ጓደኞቹ፥ የእጅ ባለሙያዎች ስለ ነበሩ መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ ከብዙ ሙከራና ከብዙ ከንቱ ድካም በኋላም በክሪሚያ ጦርነት ዝነኛ በሆነችው ከተማ ስም ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ቀልጦ ወጣ። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል፤ 70 ኩንታል ማለት ነው። ይህን የሚችል በቅሎ በዓለም ላይ ስለሌለ ሠረገላ ተበጀለት፤ ሠረገላው ደግሞ መንገድ ጠየቀ።

በጥቅምት ወር 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፥ መድፉ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየተጎተተ ተከተለ። ዳገት ሲሆን ከፊት ይስባሉ፤ ቁልቁለት ሲሆን፥ ይህም ከዳገቱ የባሰ ነው፥ ሠረገላው ተፈትልኮ እንዳይወርድ ከኋላ ጠፍሩን ይዘው ያቅባሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ይፈነቅሉ፥ ቁጥቋጦ ይመነጥሩ እንደ ነበረ በዚያ የነበሩ አውሮፓውያን ምስክርነታቸውን ትተዋል። በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ገደሉን እየጠረቡ፥ ጎኑን እየካቡ፥ 6 ወር ገደማ ከተጓዙ በኋላ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። በዚያን ጊዜ ከዙላ የተነሣው የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ሠራዊት ከባድ መድፎቹን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች ጭኖ ይመጣ ነበር፤ ሠራዊቱም የጅዳን ገደል የወረደው ቴዎድሮስ ለሴባስቶፖል በጠረቡት መንገድ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የሆነው ውጊያና ከሦስት ቀን በኋላ የሆነው የንጉሠ ነገሥቱ ሞት የታወቀ ነውና አልደግመውም። እኔ ግን ያን ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሆነውን ጉዞ ባሰብሁ ቁጥር ከመድፉ ይልቅ መንገዱ ይበልጥብኛል፤ መድፉ ድልን አላመጣምና፤ መንገዱ ግን በአገራችን ሰው ለመንኮራኩር ብሎ ተራራን የጠረበበት ነው። የሚያሳዝነው፥ ሠረገላውን የሚሠራና የሚጠግን ሙያ ከጋፋት ጋር አብሮ መበተኑ ነው። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ ጎማው እንኳ ቢሰበር የሚያድሰው ወራሽ ሳይተው የቀረው የሠረገላው ጥበብ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ቶሎ የሚነገር ነው። በዐድዋ ዘመቻ የዳግማዊ ምኒልክ መድፎች በበቅሎ ጀርባ ተጫኑ። ሰላም በሆነ ጊዜ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄደውን መኪና አስመጥቶ አዲስ አበባን አስደነቀ፤ ሕዝቡም የሰርኪስ ባቡር አለው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው ምድር ባቡር አዲስ አበባ ደረሰ። እነዚህ ሁሉ የቤተ መንግሥትና የንግድ መንኮራኩሮች ነበሩ፤ ገበሬውና ተሸካሚው በዓይኑ ያያቸዋል እንጂ በእጁ አይነካቸውም። በአዲስ አበባ፥ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥም፥ ከጊዜ በኋላ ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ ተዘጋጀ።

አሁን ወደ ወላይታ እንሂድ። የወላይታ መንግሥት በራሱ ነገሥታት፥ ካዎ በሚባሉት፥ ለብዙ መቶ ዓመታት የጸና፥ በፈረሰኞቹ፥ በሸማውና በገበያዎቹ የታወቀ መንግሥት ነበር፤ ነገሥታቱ ያሳነጿቸው የድንጋይ ካቦች ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። ሕዝቡ የሰፈረበት ምድር ከዳሞታ ተራራ ጀምሮ በምሥራቅ እስከ ብላቴ ወንዝ፥ በደቡብ እስከ አባያ ሐይቅ ድረስ በየደረጃው ይወርዳል፤ በደጋው እንሰትና ገብስ፥ በወይና ደጋው በቆሎ፥ ስኳር ድንችና ጎደሬ፥ በቆላው ጥጥ ይበቅላል። ከደጋ ቆላ፥ ከቆላ ደጋ የማይለዋወጥ ቤተሰብ ስለሌለ፥ መንገዱ በገበያ ቀን ሰው ብቻ ነበር፤ ጭነቱም በራስ፥ በጀርባና በአህያ ነው። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር ያደረገው ጦርነት እጅግ ብዙ ደም የፈሰሰበት ነበር፤ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም ያየውን መከራ በመጽሐፍ ጽፎታል። ከድሉ በኋላ የገባርነት ሥርዓት ሲተከል ለወላይታው ገበሬ ሌላ ሸክም ተጨመረ፤ ከመሬቱ ምርት የመልከኛውን ድርሻ መስጠት ብቻ ሳይሆን፥ የሰጠውን ራሱ ተሸክሞ ወይም በአህያው ጭኖ መልከኛው እስካለበት ማድረስ ግዴታው ሆነ። ስለ ጭነት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ሊያልፍ አይገባውም። ትከሻ የተፈጥሮ መሣሪያ ነውና ዋጋ የማይጠየቅበት ይመስላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ባለትከሻው ብቻ ነው።

በዳሞታ ግርጌ የተቆረቆረችው ሶዶ የአገረ ገዢው ከተማ ሆነች። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች መጥተው ሕክምና ሲከፍቱ፥ ከየመንደሩ ሕመምተኛው በቃሬዛ እየተያዘ፥ ተሸካሚዎቹ በፈረቃ እየተቀያየሩ ዳገቱን ይወጡ ጀመር።

የጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ የመንገድና የጎማ ዘመን ነበር። ጣሊያን አገሩን ለመያዝ መንገድ ስላስፈለገው በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ አሰማርቶ ድንጋይ አስፈለጠ፤ በሥራው ቦታም ድንጋይና አሸዋ በባሬላ በሁለት ሰው፥ በእጅ ጋሪ ደግሞ በአንድ ሰው ሲጓጓዝ ብዙ ኢትዮጵያዊ በቅርብ አየ፥ በእጁም ገፋ። ከመኪናው ጋር ጎሚስታው፥ በያጁና መካኒኩ አብረው መጡ፤ የኛ ልጆችም በረዳትነት እየገቡ ሙያውን ቀሰሙት። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. በብላቴ ወንዝ፥ ቁሊቶ ላይ፥ ከጣሊያን ታንኮች ጋር ብርቱ ውጊያ ሆነ፤ ሦስት ቀን ቆይቶም ሶዶ ከጠላት እጅ ወጣች። ድል አድራጊውም ተሸናፊውም አልፈው ሄዱ፤ የቀረው መንገዱ፥ የተሰበረው መኪናና ሙያው ነው። እኔ ከሁሉ የሚበልጠው ሙያው ነው እላለሁ። በየከተማው በፈረስና በአህያ የሚሳበው ጋሪ የተስፋፋው፥ ከአሮጌ መኪና የወጣውን ጎማና ዘንግ አውቆ ከእንጨት ጋር የሚያዋድድ እጅ ስለ ተገኘ ነው። ከጋፋት በኋላ የጠፋው ጠጋኝ በዚህ መንገድ ተመልሶ መጣ።

በዚሁ ጊዜ በውቅያኖስ ማዶ የጎልፉ ከረጢት ታሪክ ተለወጠ። ደንቡ አንድ ተጫዋች ከ14 ዱላ በላይ እንዳይዝ ከወሰነ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ያም ሆኖ 14ቱ ዱላ፥ ኳሱና ከረጢቱ ሲደመሩ ከ10 ኪሎ ያላነሰ ጭነት ናቸው፤ ባለ 18 ጉድጓዱን ሜዳ ለመጨረስም ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ መራመድ ያስፈልጋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ፥ በአሜሪካ በኦሬጎን ግዛት አንድ መሐንዲስ የሣር ማጨጃ ጎማ ወስዶ በሁለት መንኮራኩር የሚጎተት የከረጢት ጋሪ አበጀ፤ ከእርሱም ባግ ቦይ የሚባለው ድርጅት ተመሠረተ። ይህ ሰው ያደረገው በኢትዮጵያ የገበያ ከተሞች ካሉት ጋሪ ሠሪዎች ሥራ የተለየ አይደለም፤ ለሌላ ነገር የተሠራውን ጎማ አንሥቶ ከትከሻ ላይ ሸክም አወረደበት። የጎልፉ ጋሪ በጨዋታ ሜዳ፥ የኛው ጋሪ በኑሮ ሜዳ መዋላቸው ልዩነታቸው ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዓለም ባንክ ብድርም የጠላት ዘመን መንገዶች ይጠገኑ፥ አዲስም ይቀደዱ ጀመር። ለወላይታ ገበሬ ግን ከሁሉ የቀረበው በ1962 ዓ.ም. ሶዶ ላይ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፥ በአጭሩ ዋዱ የተባለው ነው። ዋዱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር አከፋፈለ፤ መጋቢ መንገዶች ሠራ፤ መሬት የጠበበባቸውን የደጋ ቤተሰቦች በአባያ አቅጣጫ ባለው በአበላ ቆላ አሰፈረ። ነገሩን በጭነት ዓይን ስናየው፥ አንድ ከረጢት ማዳበሪያ 50 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል በቆሎ 100 ኪሎ ነው። ምርት በጨመረ መጠን የሚጓጓዘው ነገር ይጨምራል፤ ትከሻና የአህያ ጀርባ ግን አይሰፋም። በጭላሎው የእርሻ ልማት ድርጅት፥ በአርሲ አሰላ፥ ለገበሬው የሚሆን ጋሪ ለመሥራት ሙከራ የተደረገውም ይህን ችግር በማየት ነው። በእውነቱ በዚያ ዘመን ስለ ትራክተር ብዙ ተነገረ፥ ብዙም ተጻፈ፤ ስለ ጋሪ ግን ጥቂት ብቻ። ነገር ግን ትራክተሩን ጥቂቶች ሲያገኙት ጋሪውን ብዙዎች ሊያገኙት ይችሉ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ገበሬውን ከባለርስቱ እህል ተሸካሚነት አወጣው። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ግን በጦርነትና በድርቅ የተሞሉ ነበሩ፤ ለአዲስ መሣሪያ የሚተርፍ ገንዘብም ጎማም አልነበረም። መሬቱ እየጠበበ ሲሄድ የወላይታ ልጅ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ፈለሰ፤ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ጫማ እየጠረገ፥ ዕቃ እየተሸከመ ወላጆቹን የረዳ ብዙ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዱ በመርካቶ ጋሪ ገፍቶ፥ ወይም በብየዳ ቤት ረዳት ሆኖ ሠርቶ፥ ወደ አገሩ ሲመለስ በእጁ ይዞት የመጣው ሙያ በኪሱ ከያዘው ብር የሚበልጥ ዋጋ ነበረው።

ወላይታ በ1993 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዞን ሆነ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ተባለች። በእነዚህ ዓመታት ቤት በየስፍራው ተሠራ፤ ባለ ሦስት ጎማው ባጃጅ ከተሞቹን ሞላ፤ ከባጃጁ ጋርም ኩሽኔታ፥ ትናንሽ ጎማና መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ተከፈቱ። በዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በበዴሳና በመሰሎቿ የእጅ ጋሪ የሥራ መሣሪያ ለመሆን የበቃው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው። ጎሚስታው ቅርብ ነው፥ ብየዳው ቅርብ ነው፥ መንገዱም ምንም እንኳ በበጋ አቧራ በክረምት ጭቃ ቢሆን አለ። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ አንዲት ሴት አንዱን በጀርባዋ ተሸክማ በምትሄድበት መንገድ፥ አንድ ወጣት በጋሪው አምስት ስድስቱን በአንድ ጊዜ ይገፋል። ሲሚንቶው፥ ቆርቆሮው፥ የበቆሎው ኩንታልና የሙዙ ዘለላም እንደዚሁ ነው።

የጋሪዎቹ አሠራር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ከሁሉ ድኻው መንኮራኩሩም ሳይቀር ከእንጨት የተሠራው ነው፤ እጀታው ባሕር ዛፍ፥ መንኮራኩሩ ከጠንካራ ግንድ ተቆርጦ የተበሳ ነው። ይህ እንጨት ከእንጨት ጋር እየተፋጨ ስለሚሄድ በሞራ ወይም በተቃጠለ ዘይት ካልተቀባ ይጮኻል፥ ይበላልም። ሁለተኛው ባለ አንድ ጎማው የግንበኛ ጋሪ ነው፤ ጎማው ከፊት፥ ጭነቱ ከመካከል፥ እጅ ከኋላ ስለሆነ፥ ከክብደቱ የተወሰነው ክፍል ምንጊዜም በገፊው ክንድ ላይ ይቀራል፤ በጠባብ ቦታ ግን እንደ እርሱ የሚተጣጠፍ የለም። ሦስተኛው፥ እኔ የምመርጠው፥ ከቱቦላሬና ከላሜራ ተበይዶ ሁለት ጎማ የተገጠመለት ነው። ዘንጉ ከጭነቱ በታች ልክ በመካከል ካለፈ፥ ክብደቱ ሁሉ በጎማዎቹ ላይ ያርፋል፥ እጅም ለመምራት ብቻ ይቀራል፤ በያጁ ዘንጉን በአንድ ስንዝር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ቢስት ግን ገፊው ያን ስሕተት ዕድሜውን ሁሉ በወገቡ ይሸከመዋል። በጎልፍ ሜዳም ይኸው ነገር በሌላ መልክ ታይቷል። የቀድሞው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ከኋላ ስለሚጎተት ትከሻን ይጠመዝዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሰን ማውንቴን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባለ ሦስት ጎማውን አውጥቶ ከፊት የሚገፋ ሲያደርገው፥ የሰውነት ክብደት ራሱ ለሥራው ረዳት ሆነ።

ስለ አጠባበቁ የምናገረው ለጎልፉም ለኛውም ጋሪ ይሠራል፤ የመንኮራኩር ሕግ በሣር ሜዳና በወላይታ ቀይ አፈር አንድ ነውና። የጋሪ ጠላቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ውሃና ደቃቅ አፈር ከክብደት ይከፋሉ። ቀዩ አፈር በክረምት በጎማው ላይ እየተለቀለቀ ይደርቃል፤ በበጋ ደግሞ እንደ ዱቄት ተነሥቶ በኩሽኔታው ከንፈር ይገባል፥ ከግራሶው ጋርም ሲለወስ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ባለቤቱ ጋሪውን ወንዝ አስገብቶ ያጠበ እንደ ሆነ፥ ያው ዕለት ጎማውን አውልቆ ኩሽኔታውን ካላደረቀ፥ ንጹሕ የሚመስለው ጋሪ ከውስጥ መዛግ ይጀምራል። ትክክለኛው ሥራ አሮጌውን ግራሶ በነጭ ጋዝ አጥቦ፥ በጨርቅ አድርቆ፥ አዲሱን በጣት እየጫኑ በኳሶቹ መካከል መሙላት ነው፤ ከላይ መቀባት ለዓይን እንጂ ለኩሽኔታው አይጠቅምም። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጅ ማሽከርከርና ጆሮን ማቅረብ የቆየ ፈተና ነው፤ የሚያንቋቋ ድምፅ ከተሰማ ኳሶቹ መቆርቆዝ ጀምረዋል፥ ወደ ጎን የሚዋልል ከሆነም ቤቱ ሰፍቷል ማለት ነው።

የጎማው አየር ጉዳይ ከዚህ ይከተላል። አየሩ ያነሰ እንደ ሆነ ጋሪው ይከብዳል፥ የውስጥ ጎማውም በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተጨምቆ ይቀደዳል፤ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ በኮረኮንቹ ላይ እየዘለለ ብየዳውን ያናጋል። ወደ ብላቴ ቆላ የሚወርድ ጋሪ የግራርን እሾህ ይፈራል፤ ስለዚህ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው በቸርኬው ላይ የሚቸነክሩ አሉ፤ ይህ አይተነፍስም፥ ግን ይከብዳል፥ ጭነቱንም ያንገጫግጫል። እኔ ለሩቅ መንገድ አየር ያለውን፥ ለሰፈር ሥራ ደንዳናውን እመርጣለሁ። ብሎንና ዳዶው በየሳምንቱ መጥበቅ አለበት፤ ብየዳው የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ እጀታው ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ጉልበት ላይ ስለሆነ፥ የቀለሙ መሰንጠቅ የብረቱን መሰንጠቅ ቀድሞ ይናገራል። ቁልቁለቱን በተመለከተ፥ የእጅ ጋሪዎቻችን ብዙዎቹ ፍሬን የላቸውም፤ ጎበዝ ገፊ ዳገቱን ሲወርድ ፊቱን አዙሮ ከጭነቱ በላይ በኩል ሆኖ እያቀበ ይወርዳል። የቴዎድሮስ ሰዎች በጅዳ ገደል የሠሩት ሥራ ይኸው ነው፤ የጎልፉ ጋሪ ግን በሽቦ የሚያዝ የእጅ ፍሬን አለው፥ በያጆቻችንም ይህን ሽቦ ከብስክሌት አውጥተው ሊገጥሙት ቢለምዱ ብዙ አደጋ ይቀር ነበር።

ጋሪው የራሱ የሆነና ጋሪውን የተከራየ ወጣት በአጠባበቅ ይለያያሉ። ተከራዩ የዕለቱን ኪራይ ለመሙላት አብዝቶ ይጭናል፥ ስንጥቁን አይቶ ያልፋል፤ ባለቤቱ ግን በሰኔ መጀመሪያ፥ ዝናቡ ሳይጠና፥ ጎማውን አውርዶ ግራሶ ይለውጣል፥ የዛገውን ላሜራ ፍቆ ቀለም ይቀባል፥ የሳሳውን የውስጥ ጎማ ለጎሚስታው አሳይቶ ያስለጥፋል፤ በጥቅምትና በኅዳር በቆሎው ሲሰበሰብ ጋሪው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለወጣቶች ሥራ እንፍጠር የሚሉ ሁሉ ጋሪ በኪራይ ከሚያበዙ ይልቅ ጋሪ በባለቤትነት የሚገኝበትን ብድር ቢያመቻቹ፥ ከጋሪውም ጋር መፍቻና አንድ ጣሳ ግራሶ ቢሰጡ፥ ገንዘባቸው ዕድሜ ያገኛል። ወለሉ በዝገት ያለቀበት ጋሪም ቢሆን ሁሉ ነገሩ አይጣልም፤ ብረቱ በኪሎ ለቁራሌ ይሸጣል፥ የደኅናው ጎማ ቸርኬ ታጥቦ፥ ኩሽኔታው በነጭ ጋዝ ተፈትኖ፥ በያጁ ደጅ ገና ቀለሙ ባልደረቀ በሌላ ጋሪ ሥር ይገባል።